ዘመድ ቤት ወይስ ሞቴል? አንድ ጥያቄና 43 መልሶቹ

ጥያቄውን የኢንተርኔት መድረካችን ላይ የለጠፈችው ሴት ለአሜሪካ አዲስ መጪ ናት። ከባሏ ጋር በዲቪ መጥተው፣ ከጥምቀት በኋላ በነበረው ዓርብ ጠዋት ነው ያረፉት። የጻፈችው ደግሞ እሁድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ። እዚህ አገር 3 ሰዓት ይሉታል። አዲስ አበባ ያን ጊዜ ረፋዱ 5 ሰዓት ነው። ሰውነቷ ገና እዚያ ነው ማለት ነው።

ነገሯ ባጭሩ ይኼ ነው። አዲስ የመጡ ባልና ሚስት የመጀመሪያዋን ቅዳሜና እሁድ ዘመድ ቤት አይረፉ። ርካሽ ሞቴል ይዘው ሁለት ሌሊት ይተኙ። ዘመድ ሰኞ ይደርሳል። ተሳስቻለሁ ወይ ብላ ጠየቀች። በሦስት ቀን ውስጥ 43 መልስ መጣላት። ሁሉንም አንብቤያለሁ፤ 9ኛው የእኔ ነው።

መጀመሪያ እሷ ያወራችውን ልንገራችሁ።

ዓርብ ዕለት የባሏ የአጎት ልጅ ከሥራ ቀርቶ ተቀበላቸው። ቋንጣቸውን ጉምሩክ ወስዶታል። ከአራቱ ሻንጣ ግማሹ የሰው ዕቃ ነው፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ የአንዷ ሴትዮ ነጠላ። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤቱ ሲደርሱ ዶሮ ተሠርቶ ጠበቃቸው። የቤቱ ሰዎች ረቡዕና ዓርብ አይጾሙም። እንግዶቹ ይጾማሉ። እሷ ይሉኝታ ይዟት በላች። ባሏ እንቢ አለ። ጉርሻ ሲዘረጋለት እጅ መለሰ። ኩርፊያው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተጀመረ። ከዚያ ዕቃ የተላከላቸው ሰዎች ተራ በተራ ይመጡ ጀመር፤ እስከ ማታ 5 ሰዓት ቤቱ ሰው አልጎደለበትም። ሊተኙ ሲሉ ግድግዳው ላይ ያለውን የማሞቂያ መቆጣጠሪያ አዩት። 68 ይላል። 68 ዲግሪ! ደንግጠው ወደ 55 አወረዱት። ቤተሰቡ በሙሉ፣ ሁለቱን ሕፃናት ጨምሮ፣ ሲንቀጠቀጥ አደረ።

ቅዳሜ ካፖርት ሊገዙ ነበር። ዘመድየው በ8 ሰዓት እንወጣለን ብሏቸው ተኛ። እነሱ 8 ሰዓትን ከምሳ በኋላ አድርገው ሰሙት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነቅተው ጣሪያ ሲያዩ ቆይተው፣ ጎህ ሲቀድ እንቅልፍ ጣላቸው። እሱ ጠዋት በ2 ሰዓት፣ ማለትም በፈረንጅ 8፣ ጃኬቱን ለብሶ ሶፋ ላይ ተቀመጠ። ሊቀሰቅሳቸው ደግሞ አልፈለገም። ከቀትር በኋላ ፈረቃ አለበት። ሲነሱ ሄዷል።

ቅዳሜ ማታ ልብስ አጠቡ። ይቺን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፈቻት። የዘመድየው ሚስት አንድ እፍኝ ኳርተር፣ የ25 ሳንቲሙን ዝርዝር፣ ሰጠቻቸውና ማሽኑ ወዳለበት ምድር ቤት ወረዱ፤ ሁለት ሰዓት ቆዩ።

እሁድ ያለው ነው ዋናው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እንቅልፍ እንቢ ሲላት፣ ቤተኞቹን በቡና ላስነሳቸው አለች። ካሣ መሆኑ ነው። ቡናውን ምድጃው ላይ ቆላች። ዕጣኑን አጨሰች። የጭሱ አላርም ጮኸ። ባሏ ጭሱ ይውጣ ብሎ የቤቱን በር ወደ ኮሪደሩ በረገደው። ያኔ የሕንፃው አላርም ጮኸ። ሰባት ፎቅ ሰው በሌሊት ልብሱ፣ ልጁን ታቅፎ፣ በጥር ብርድ ወደ ደጅ ወጣ። የእሳት አደጋ መኪና መጣ። እሷ ረከቦቱ አጠገብ ቆማ ቀረች።

ሞቴል ይሻላል ያለችው ከዚህ በኋላ ነው። ሳነበው እየሳቅኩ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን ሳቄ ጠፋ። እንቀጥል።

1ኛው መልስ እንኳን ደህና መጣችሁ ብቻ ነው። 2ኛውም እንደዚያው፣ ግን አንድ ቁም ነገር ጨመረበት። ስማችሁ የፖስታ ሣጥኑ ላይ ተጽፏል ወይ ብሎ ጠየቀ። ካልተጻፈ ዛሬውኑ ጻፉ አለ። የቪዛ ቅጹ ላይ ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት መለያ ቁጥር) እንፈልጋለን ብለው ምልክት ካደረጉ ካርዱ በፖስታ ነው የሚመጣው። ግሪን ካርዱም እንደዚሁ። ፖስተኛው ፖስታው ላይ ያለውን ስም ሣጥኑ ላይ ካጣው ሊመልሰው ይችላል። እስከዚያው ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቪዛ ከመግቢያው ማህተም ጋር ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ እንደሚያገለግልም አስረዳ። ከ43ቱ ውስጥ ጠቃሚውን መልስ ምረጥ ብባል ይቺን ነው የምመርጠው። ማንም አላመሰገነውም።

3ኛው ሰውዬ የሐበሻ ሱቆችን ዝርዝር ሰጠ። የትኛው እንጀራ እንደሚለሰልስ፣ የትኛው ሥጋ ቤት ቅዳሜ እንደሚሰለፍ ሳይቀር። ሁሉም ቴክሳስ ናቸው። ልጅቷ ያረፍነው ዳላስ ነው ብላ ጽፋ ነበርና። 4ኛው አረመ፤ የዋሽንግተኑ አየር ማረፊያ ዳለስ ነው፣ ከዳላስ ከተማ ጋር አይገናኝም፣ በአማርኛ ስንጽፈው አንድ እያደረግነው ሰው እናሳስታለን አለ። የቴክሳሱ ሰውዬ በ5ኛው ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። ግን አልተሸነፈም። ለማንኛውም ወደ ቴክሳስ ኑ፣ የክፍለ ግዛት የገቢ ግብር የለብንም ብሎ ሄደ። ደስ የሚል ሰው ነው። ክሩ፣ ማለትም የመልሱ ቅብብል፣ ሲከር ብዙ ጊዜ ናፍቄዋለሁ።

6ኛው ስለ 68 ነው። እዚህ ሙቀት የሚለካው በፋራናይት ነው። 68 ማለት 20 ሴልሺየስ ነው፤ 55 ደግሞ 13 ገደማ። ቀላል ዘዴም ሰጠ፤ ከቁጥሩ 30 ቀንሰህ ቀሪውን ለሁለት ክፈል። ልክ አይደለም፣ ግን ብርድ ከመመታት ያድናል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። 7ኛዋ መጣች።

7ኛዋ እዚህ 20 ዓመት የኖረች እንደሆነች ከአጻጻፏ ያስታውቃል። አንድም የሰላምታ ቃል አልጻፈችም። ሰውየው የአንድ ቀን ደሞዙን ትቶ ወጥቷል። ሚስቱ ሌሊቱን ሽንኩርት ስታቁላላ አድራለች። ልጆቻቸው በብርድ አድረዋል። ሕንፃው በሙሉ ደጅ ወጥቷል። እና ቅሬታ የምታቀርበው እንግዳዋ ናት! ምስጋና ቢስነት እንዲህ ነው አለች። በድሮ ጊዜ ተቀባይ አልነበረንም፣ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ሻንጣችን ላይ ተቀምጠን ነው የጀመርነው ብላም ጨመረች። 8ኛዋ ደገፈቻት። እሷ ቤት ለሁለት ሳምንት የመጡ እንግዶች ስምንት ወር ተቀምጠዋል። በወጡ በሳምንቱ ስልክ አላነሱላትም። ይሄኛው ቁስል ገና አልሻረም።

9ኛው የእኔ ነው። እኔ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነኝ፤ ከመጣሁ 14 ዓመቴ ነው። ያልኩት ሌላ ነገር ነው። ሞቴል ብዙውን ጊዜ የሚያስገቡት የባንክ ካርድ ካለህ ነው። ዲፖዚት ከካርዱ ላይ ይያዛል። ከቦሌ ጥሬ ዶላር ይዞ የመጣ ሰው እንግዳ መቀበያው ፊት ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ሐሳቡ ቢያምርም መንገዱ ዝግ ነው አልኩ። ብልህ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

10ኛው ግን አድርጎታል። ከጓደኛው ካርድ ተውሶ፣ ከሚስቱ ጋር ሦስት ሌሊት ሆቴል ተቀምጧል። አጎቱ ከተማው ውስጥ እንዳለ እያወቀ። አጎትየው ሲሰሙ ሁለት ዓመት አላናገሩትም። ልጃቸው ክርስትና ላይ ነው የታረቁት። ሦስቱ ሌሊት ግን ዋጋ ነበራቸው ይላል፤ ዝርዝሩን አልጻፈም፤ እኛም አልጠየቅነው።

11ኛው ከሁሉም የተለየ ነው። ዘመድየው ለምን ከሥራ ቀረ አለ። ከኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሲልቨር መስመር ባቡር ዳለስ ድረስ ይሄዳል፤ ሜትሮ ሴንተር ወርደው በቀዩ መስመር ቢቀይሩ ሲልቨር ስፕሪንግ ይገባሉ። 12ኛው መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አራት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ አንተ ልትሸከምላቸው ነው ወይ የሚል። 11ኛው አልተመለሰም።

13ኛው ቋንጣውን አነሳ። ጉምሩክ ላይ ይዣለሁ ብለው ካስመዘገቡ ይወሰድባቸዋል እንጂ አይቀጡም፤ ደብቀው ቢሆን ግን ቅጣት ነበረው። ከዚያ የራሱን የተወሰደ ቋንጣ ታሪክ ጀመረ። አልጨርሰውም፤ ረጅም ነው፣ በለቅሶ ነው የሚያልቀው።

14ኛዋ ነርስ ናት። እስካሁን ከነበሩት ሁሉ ኮስተር ያለችው እሷ ናት፤ ልክም ናት። ዕጣኑ በምን ነበር የጨሰው ብላ ጠየቀች። በከሰል ከሆነ ጭሱን እርሱት አለች። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ራስ ምታት መስሎ ይጀምርና ተኝቶ የቀረ አለ። አገር ቤት በሩም መስኮቱም ያናፍሳል። እዚህ መስኮቱ ብርድ እንዳያስገባ ተደርጎ ነው የተሠራው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጨሻ የሐበሻ ሱቅ አለ፤ እሱን ግዙ አለች። 15ኛው በዚያ ላይ ስለ በሩ አስረዳ። የቤት ውስጥ አላርም ብዙውን ጊዜ ለዚያ ቤት ብቻ ነው የሚጮኸው። ኮሪደሩ ላይ ያለው ግን ከሕንፃው ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ጭስ ሲበዛ መስኮት ይከፈታል እንጂ በር አይከፈትም። ባልየው ያደረገው አገር ቤት ትክክል ነው፤ እዚህ ሰባት ፎቅ አስወጣ።

16ኛው ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ገቡ። እሳቸውን ሁሉም አንቱ ነው የሚላቸው። ስለ ዶሮው ተናገሩ። መንገደኛ ይቅር ይባልለታል፤ የተሠራላችሁን ብትበሉ ሐጢአቱ የኔ ነው አሉ። 17ኛው በአክብሮት ተቃወማቸው፤ አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ መንገደኛ የሚባል የለም አለ። እሳቸውም ዲሲ ቅድስት ማርያም ሄደህ አባቶችን ጠይቅና ንገረኝ ብለው ላኩት። ሄዶ እንደሆነ አላውቅም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሁለቱም ስለ ጾሙ ተከራከሩ እንጂ፣ ልጅቷ የበላችው ለሰዎቹ ብላ፣ ባሏ ያልበላው ለራሱ ብሎ መሆኑን አላነሱም። ጠቡ እሱ ነበር።

18ኛው ስለ ሰዓት ነው፤ ጥሩ ነው። እሱ ቤት ሕግ አለ። ከአገር ቤት ሰው ጋር ሲነጋገር ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ ሳይል ቁጥር አይጠራም። ሚስቱ ደግሞ በአበሻ፣ በፈረንጅ ብላ ትለያለች። እሱ አንዴ ለእናቱ በ2 ሰዓት እደውላለሁ ብሎ ሌሊት ቀስቅሷቸዋል። ለነገሩ እኛ እዚህ ያለነው ራሳችን እንቀላቅላለን። ለቀጠሮ በፈረንጅ፣ ለሠርግ በአበሻ። ለሠርግ በሁለቱም አንደርስም።

19ኛው መልስ ክሩን አበላሸው።

ምን እንዳለ በሙሉ አልደግመውም። ባጭሩ፣ በመጀመሪያው ቀን የሚኳረፉ ባልና ሚስት ትዳራቸው የዲቪ ትዳር ሳይሆን አይቀርም አለ። ሞቴል የፈለገችውም ከዘመዱ ዓይን ልትርቅ ነው አለ። እንዲህ ያለውን ወሬ በለቅሶ ቤትም በቡና ላይም ሰምተናል። ተጽፎ ሲታይ ግን ያስጠላል። 20ኛዋ እህት የለህም ወይ ብላ ጮኸችበት። 21ኛው ተረጋግቶ ሕጉን አስረዳ። ዲቪ ከደረሰ በኋላ ማግባት ክልክል አይደለም፤ ቪዛው ከመሰጠቱ በፊት ከተጋቡ የትዳር ጓደኛ ይጨመራል፤ ቆንስሉ ግን አጥብቆ ይጠይቃል። የሚያስጥለው ሲሞላ ያገባ ሆኖ ሚስቱን ሳያስመዘግብ የቀረ ነው። 22ኛው ደግሞ 19ኛውን በግል ያውቀዋል መሰለኝ፤ የራስህን ወረቀት እንዴት እንዳገኘህ እናንሳው ወይ አለው። ከዚያ በኋላ 19ኛው ዝም አለ። 23ኛው መድረኩን የሚያስተዳድረው ሰው ነበር፤ ጨዋነት እንዲኖር ለመነ።

24ኛው የራሷ ነው። ባለ ጥያቄዋ ተመለሰች።

ስለ ዲቪ ትዳሩ አንዲት ቃል አልመለሰችም። አምስት ዓመት አብረው እንደቆዩ፣ ሠርጉን ያስቸኮለው ግን ኢንተርቪው እንደሆነ ብቻ ጠቅሳ አለፈች። ይህን ያህል ነገር ያስከተለውን ጽሑፍ ለምን እንደጻፈች ነው ያስረዳችው። እሁድ ደጅ ቆመው ሳሉ ዘመድየውን አየችው። ብርድ ልብስ ተከናንቧል፤ ፊቱ ላይ የሶፋ ክር ታትሟል። ያኔ ገባት። የተኙት በቤቱ ሰዎች አልጋ ነው። ሚስትየው ከልጆቿ ጋር፣ እሱ ሶፋ ላይ ሁለት ሌሊት አድረዋል። ማንም አልነገራቸውም። ጓዳ ሌላ መኝታ ቤት ያለ መስሏቸው ነበር። ከምሽት ፈረቃ መጥቶ ሶፋ ላይ የሚተኛ ሰው ቤት ነው ማሞቂያውን ወደ 55 ያወረድነው አለች። የተማረረችው በእነሱ አይደለም። ይህን ያህል ሊደረግላት አትችልም፤ አልቻለችም። ሞቴል ያለችው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ይህን ብትጽፍ ኖሮ ክሩ ሌላ ይሆን ነበር። ግን ሰው በሌሊት 9 ሰዓት የሚጽፈው እንደመጣለት ነው።

25ኛውና 26ኛው አዘኑላት። 27ኛዋ ያቺ 7ኛዋ ናት። ይቅርታ አላለችም፤ ከእሷ ይቅርታ የሚጠበቅም አይደለም። ግን ልጄ ማለት ጀመረች። እኔም ሰው ስቀበል ሶፋ ላይ ነው የምተኛው፤ ደስ እያለኝ ነው፤ እንግዳው ሲያውቅብኝ ነው የሚደብረኝ አለች። ሰኞ አልጋውን መልሱላቸው፣ እናንተ ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፉ፣ እንቢ ቢሉም አትስሟቸው ብላ መከረቻት። የዘመድየው ሚስት ሥራ ስትሄድ ልጆቹን ያዙላት፤ ከሞቴል ይልቅ እሱ ነው የሚያቀላችሁ አለች። ይቺ ምክር ከእኔ የካርድ ነገር ትበልጣለች። አልደብቅም።

28ኛው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ እንጀራ ትገዛላችሁ ወይስ ትጋግራላችሁ ብሎ ጠየቀ። ሄደ ክሩ። ቀጥሎ ያሉት አምስት መልሶች ስለ ምጣድ ናቸው።

29ኛዋ እናቷ የላኩላትን የኤሌክትሪክ ምጣድ ለመሰካት ፈርታ ሁለት ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ ይፈነዳል ተብላ። 30ኛው ኤሌክትሪሺያን ነው። አይፈነዳም አለ። የአገር ቤቱ ምጣድ ለ220 ቮልት ነው የተሠራው። እዚህ ግድግዳው የሚሰጠው 120 ነው። ኃይሉ በቮልቱ ካሬ ስለሚሄድ ምጣዱ የሚያገኘው ከሙሉ ኃይሉ 30 በመቶ ገደማ ነው። ሊጡ ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። የሚቃጠለው የተገላቢጦሹ ነው፤ የአሜሪካ ዕቃ ወስደህ አዲስ አበባ ስትሰካው። 31ኛው እንግዲያው የልብስ ማድረቂያው ሶኬት 240 ስለሆነ እዚያ ላይ እንሰካው አለ። ኤሌክትሪሺያኑ በ32ኛው በአንድ መስመር መለሰለት፤ በተከራየኸው ቤት እንዳትሞክረው፣ አላርም ሳይሆን እሳት ነው የምታስነሳው። የቡናው ነገር ገና አልቀዘቀዘም ነበርና ሰው ሳቀ። 33ኛዋ የምትጋግረው በኖርዌዮች የሌፍሴ ምጣድ ነው። ሌፍሴ የእነሱ ቂጣ ነው። ክብ፣ ሰፊ፣ በ120 የሚሠራ። ብዙ ሐበሻ ቤት ያለው እሱ ነው፤ ጤፉም አይዳሆ የበቀለ ነው። በኖርዌይ ምጣድ የአይዳሆ ጤፍ ጋግረን የእናቴ እንጀራ የመሰለ እንላለን። እኔም ቤት ያለው እሱ ነው፤ ምንም ማለት አልችልም።

34ኛው መልስ ሦስት መስመር ናት። የጻፈው ሰው ስለ እንጀራው፣ ስለ ዲቪው፣ ስለ ዶሮው ምንም አላለም። ልብስ ስታጥቡ ያሳለፋችሁትን ሁለት ሰዓት እስቲ ንገሪን አለ። በጽሑፉ ውስጥ ሳትማረሪ የጻፍሽው እሱን ብቻ ነው አላት።

ተመልሼ አነበብኩት። እውነቱን ነው። እኛ በ33 መልስ በላዩ ላይ ተራምደን አልፈናል።

35ኛው ግን አልገባውም። ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ልብስ ትቶ መውጣት ነውር ነው፣ ሰው አውጥቶ መሬት ላይ ይጥልባችኋል ብሎ መከረ። 36ኛው ወደ ፖስታ ሣጥኑ መለሰን። እሱ ቤት አራት አዋቂ አለ፤ አራት የተለያየ የመጨረሻ ስም። አከራዩ ባልና ሚስት መሆናቸውን አላምን ብሎት የጋብቻ ወረቀት አሳይቷል። እኛ በአባት ስም ነው የምንጠራው፤ እነሱ የቤተሰብ ስም ይፈልጋሉ። 37ኛዋ ነገሩ ሲሰለቻት የባሏን የአባት ስም ወሰደች። አባቷ በስልክ ሲሰሙ፣ እኔ የት ሄድኩ አሏት። አሁን ልትመልሰው ጠበቃ እያፈላለገች ነው።

38ኛው እሷ ናት፤ ለመጨረሻ ጊዜ። ለ34ኛው ነው የመለሰችው። ከቦሌ ከተነሱ ጀምሮ ብቻቸውን የሆኑት እዚያ ነው። በአውሮፕላኑ መሐላቸው ሰው ነበር፤ ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር፤ መኝታ ቤቱ ግድግዳው ስስ ነው፣ ልጆቹ ይሰማሉ። ምድር ቤቱ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር አለ፤ ማድረቂያው ይሞቃል፤ የሚንጎራጎረው ድምፅ ንግግራቸውን ይሸፍናል። ዓርብ ስለበላችው ዶሮ እዚያ ተጣሉ። እዚያው ታረቁ። ልብሱ ከደረቀ በኋላ፣ ደርቆ እያለ፣ አንድ ኳርተር ቀርቷቸው ነበር፤ ከተቱት። ማድረቂያው ለጥቂት ደቂቃ ባዶውን ዞረ። ሰኞ ማታም እንወርዳለን፣ የሚታጠብ ካጣን ንጹሕ ፎጣ እንወስዳለን ብላ ጨረሰች።

39ኛዋ ነርሷ ናት፤ የልብ ምልክት ብቻ አስቀመጠች። ከእሷ አልጠበቅኩም። 40ኛው ያ የሆቴሉ ሰው ሲሆን፣ የኔም ሦስት ሌሊት ይቺው ነበረች አለ። 41ኛው የቴክሳሱ ነው፤ እዚያ ብዙ ሕንፃ ማድረቂያው ቤት ውስጥ ነው ብሎ ሊያባብላት ሞከረ። ከዚያ ራሱ ለካ ያ ለእናንተ አይጠቅምም አለ። 42ኛው በ120 የሚሠራ ምጣድ የሚሸጥ ሰው ነው። ዋጋውን ጽፏል፤ ውድ ነው።

43ኛው አጭር ጥያቄ ነው። የሚቀጥለው ዓርብ ከሚስቱ ጋር ዳለስ ይገባል። ዳለስን በትክክል ጽፎታል። የሚያርፉት እህቱ ቤት ነው፤ አራት ልጆች አሏት። ኳርተር የት ይገኛል፣ ስንት ልያዝ ብሎ ጠየቀ።

ሁለት ቀን ማንም አልመለሰለትም። ዛሬ ጠዋት ወርጄ የእኛን ሕንፃ ማሽን አየሁት፤ ማጠቢያው 7 ኳርተር፣ ማድረቂያው 6። የእህቱ ሕንፃ በካርድ የሚሠራ ሊሆን ይችላል፤ ቀድሞ ይጠይቃት። ካልሆነ ባንክ ገብቶ አንድ ጥቅል ኳርተር ይበል። አንድ ጥቅል 40 ነው፣ 10 ዶላር። ባንኩ ቅዳሜ ቶሎ ስለሚዘጋ ዓርብ ከአየር ማረፊያ ሲመጣ ይያዝ። ይህንን በ44ኛው ጻፍኩለት።